ምስማሩ ምን ቀለም ነው?

ጡረታ የወጣሁት ጉልበቴ ስለደከመ አይደለም። ጉልበቴማ ከደከመ ቆይቷል። የወጣሁት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሩ የአንድ ቤት ጣሪያ ለክቶ፣ ጣሪያው የሚለብሰውን ሺንግል ቆጥሮ፣ ዋጋውን ተምኖ ለደንበኛው በኢሜይል ልኮ ስላገኘሁት ነው። ፎቶውን ያነሳው ሳተላይት ነው። የቤቱን ደወል የደወለ ሰው የለም። አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ደግ ሰው፣ «አየህ ቴፊ፣ ከእንግዲህ ብርድ ላይ መቆም ቀረልህ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን በእርሳስ ደገምኩት። ልክ ነው። እንዲያውም ከእኔ ይሻላል። በዚያው ወር መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ተፈራ እባላለሁ፤ ቴፊ ያሉኝ ስሜ አፋቸው ላይ አልገጥም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሥራዬ የጣሪያ ግምት ነበር። የሰው ቤት ጣሪያ ሲያረጅ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ሜትርና ውሃ ልክ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ እኔ ነበርኩ። ምን ያህል ዕቃ ይፈጃል፣ ስንት ቀን ይወስዳል፣ ስንት ያወጣል፤ እሱን እናገራለሁ። ካበዛሁት ደንበኛው ሌላ ጋ ይሄዳል። ካሳነስኩት ደግሞ ጣሪያው ተገልጦ ዕቃ ያልቅና ዝናቡ ይመጣል። ቶሮንቶ ውስጥ ይሄን ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። እኔ ራሴ ግን ጣሪያ ኖሮኝ አያውቅም። ዌስተን ውስጥ ኪራይ ቤት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ከእኔ በላይ ያለው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ወንበር መጎተት ይወዳል።

አገር ቤት የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ክምር አይቼ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ብናገር ብዙም አልሳሳትም። በሱዳን በኩል እዚህ ስገባ ግን ክምር የሚያስገምተኝ አልተገኘም። ሆቴል ሳህን አጠብኩ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አሮጌ ሺንግል ገንጣይ ሆኜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የቀረውን ጣሪያና የቀረውን የሺንግል እሽግ አየሁና «ሦስት እሽግ ያጥረናል» አልኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳቁብኝ። ማታ ላይ ሦስት እሽግ አጠረ። በማግስቱ ማኑኤል የሚባል ሰውዬ መጣና ጣቱን ቀስሮ «ያንተ ቦታ እዚህ አይደለም፣ ና ውረድ» አለኝ። የተባረርኩ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር።

ማኑኤል የድርጅቱ ዋና ገማች ነው። ፖርቱጋላዊ፣ አጭር፣ ሰመርም ዊንተርም ያችኑ የሱፍ ቆብ የማያወልቅ ሰው። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፣ ስለዚህ ጥሩ ተግባባን። እርሳሱን በቢላ ይቀርጻል። የሚጽፈው ሺንግል የተጠቀለለበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ዋጋ በመጣበት ቀን አይናገርም፤ አድሮ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰው ቤት ገብቶ ውሃ እንኳ የማይቀምስ መሆኑ ነው። «ለምን?» አልኩት። «ከበላሁ ሰውዬውን እወደዋለሁ። ከወደድኩት ደግሞ ጣሪያውን በደንብ አላየውም። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ ቡናው» አለኝ። እኔ በሆዴ፣ እንዲህ ያለ ባለጌ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ። በእኛ ቤት የቀረበ ነገር እምቢ ማለት ስድብ ነው።

ሥራው ከመሬት ይጀምራል። ቤቱን ዙሪያውን ትዞራለህ፤ አሸንዳው ውስጥ የሺንግሉ አሸዋ ረግፎ ከተጠራቀመ ጣሪያው እድሜውን ጨርሷል። ከዚያ ርዝመትና ወርዱን በሜትር፣ ዳገቱን በውሃ ልክ። አሥራ ሁለት ኢንች ወደ ጎን ስትሄድ ስንት ኢንች ወደ ላይ ይወጣል ነው ጥያቄው፤ ዳገቱ በበረታ ቁጥር ከታች ትንሽ የሚመስለው ጣሪያ ብዙ ዕቃ ይውጣል። መቶ ካሬ ጫማ አንድ ስኩዌር ይባላል፣ ለአንድ ስኩዌር ሦስት እሽግ ይገባል። ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ቦይ ካለ ቁርጥራጩ ስለሚበዛ ትጨምራለህ። የጭስ ማውጫው ዙሪያ ላሜራ፣ ምስማሩ፣ ፍርስራሹ የሚጫንበት ቢን፤ ሁሉም ይቆጠራል። ይሄን ማንም ይማረዋል። ሳተላይቱም ተምሮታል።

ማኑኤል ያስተማረኝ ሌላውን ነው። እዚህ አገር በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አቲክ ይሉታል። ጠባብ ነው፣ ሰመር ላይ ምድጃ ነው፣ አይጥም አይጠፋበትም። መግቢያው ብዙ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ኮርኒስ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት። ከግምት ስመለስ ማኑኤል ወረቀቴን ከማየቱ በፊት ቀና ብሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል። «ምስማሩ ምን ቀለም ነው?»

ሺንግሉን የያዘው ምስማር ሳንቃውን በስቶ ጫፉ አቲክ ውስጥ ይታያል። የሚያበራ ከሆነ ቤቱ ደረቅ ነው። ቡናማ ከሆነ እርጥበት አለ። ጥቁር ከሆነና ዙሪያውን ሳንቃውንም ካጠቆረው በስብሷል፤ ከላይ የፈለግከውን ብታለብሰው ዋጋ የለውም። መልሱን አቲክ ውስጥ በደረቱ ያልተሳበ ሰው ሊያውቀው አይችልም። የሰውዬው ተንኮል እዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እዚሁ ዌስተን አንድ አከራይ «ጣሪያው ጤነኛ ነው፣ ላዩን ብቻ ቀይሩልኝ» ብሎ ሲያጣድፈኝ ገብቼ አየሁ፤ ምስማሩ ከሰል መስሏል። ለማኑኤል «ጥቁር» ስለው ወረቀቴን ሳያይ ፈረመልኝ። የዚያን ቀን በሁለት እግሬ አልሄድኩም፣ በረርኩ።

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልግባ። ስሸሸው ነው የቆየሁት።

እትዬ አስካለን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ ታክሲ ነጂ ነበሩ፣ ዳንፎርዝ ምሥራቁ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት ገዝተው ዕዳዋን ጨርሰው ወዲያው ሞቱ። ተዝካሩ ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እትዬ አስካለ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው «ተፈራዬ፣ ጣሪያው አርጅቷል ይላሉ፤ እስኪ እይልኝ። ታችኛውን ፎቅ አከራይቼ ነው የምኖረው። ደምሴ ሄደብኝ፣ ቤቱ እንዳይሄድብኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

በቀጠሮው ስሄድ ጠረጴዛው ሞልቶ ጠበቀኝ። ጾም ነበርና ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ። «መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ» ብል «በሞቴ! ባዶ ሆድህን ጣሪያዬ ላይ ልስቀልህ?» አሉ። ጥቁር ለብሰው፣ ከስተው፣ በገዛ እጃቸው ሊያጎርሱኝ ቆመዋል። ማን እምቢ ይላል? በላሁ። ከዚያ ውጭውን ለካሁ፣ መሰላል ላይ ወጣሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የአቲኩ መግቢያ የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «መኝታ ቤት ነው» አሉ ዝቅ ብለው። «ክሎዜቱ ውስጥ። የሱ ልብስ ያለበት።»

በሩ ተዘግቷል። የሰው ሚስት መኝታ ቤት፣ ያውም ሐዘኗ ያልወጣላት ሴት፣ ልጅ እንኳ አጠገቧ የሌለ፣ እሷና እኔ ብቻ። የሟቹን ኮትና ሱሪ አንድ በአንድ አውርጄ፣ አልጋቸው ላይ ከምሬ፣ በዚያች ክዳን በኩል ወደ ላይ ልንጠላጠል ነው። እሳቸው እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። መሬት መሬት ያያሉ። ይሉኝታ ያዘኝ።

«ግድ የለም እትዬ፣ ከውጭም ይታያል» አልኳቸው።

አይታይም። የበሰበሰ ሳንቃ ካለ መቀየሪያ እንዲሆን ብዬ ሁለት ፕላይውድ ብቻ ጻፍኩ፣ እንዲያው ለልማድ። ቢሮ ስመለስ ማኑኤል ቀና አለ።

«ምስማሩ ምን ቀለም ነው?»

«ያበራል» አልኩት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። ፈረመ።

ሥራው በበልግ ተሠራ። እዚህ አገር በልግ የሚባለው ቅጠል የሚረግፍበት ነው። ሠራተኞቹ አሮጌውን ሲገነጥሉ ሁለቱን ፕላይውድ ቀየሩ፤ ሌላም የላላ ሳንቃ አይተው ነበር፣ ግን ወረቀቴ ሁለት ስላለ በላዩ መቱት። እነሱን አልወቅስም፤ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት። ከመንገድ ሲያዩት እንዴት ያምር እንደነበር! እትዬ አስካለ በዚያ ዊንተር ሦስት ሰው ወደ እኔ ላኩ። «ተፈራ ከሠራው ወዲያ አትፈልጉ» ይሉ ነበር አሉ። በየእሑዱ ስንገናኝ «ቤቱ እንዴት ነው?» እላለሁ፤ «እግዜር ይስጥህ፣ ደህና ነው» ይሉኛል።

በረዶው መቅለጥ እንደጀመረ ስልኬ ጮኸ። ሕይወት ናት፣ ኦታዋ የምትኖረው ልጃቸው። እናቷን ለመጠየቅ መጥታለች። «ጋሼ፣ ፕሊስ ዛሬውኑ ይምጡ። ማሚ ኮል እንዳደርግ አልፈቀደችም፣ እኔ ግን ኮል አደረግኩ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ውሃ አለ።» ለያኔው አለቃዬ ስነግረው «ሺንግሉ ካላፈሰሰ የቤቱ የራሱ እርጥበት ነው፣ እኛን አይመለከትም። እሱን ንገራቸውና ና፣ ሌላ ነገር አትቀባጥር» አለኝ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ የገባሁት ያኔ ነው፣ ከረፈደ። ከአልጋው በላይ ያለው ኮርኒስ አብጦ፣ አንድ ጎኑ ተገምሶ ወድቋል። አልጋው ላይ ፍራሽ የለም፣ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጦበታል። እትዬ አስካለ ከጥምቀት ጀምሮ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የሚተኙት። እያንዳንዱን እሑድ «ደህና ነው» ያሉኝ ከዚያ ሶፋ ተነሥተው መጥተው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተን ላሳፍርህ?» አሉ፣ ጥፋተኛ እሳቸው ይመስል ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ስንት ሰው ላኩልህ። ምን ይሉሃል?»

የጋሽ ደምሴን ልብስ ገለል አድርጌ ወደ አቲኩ ወጣሁ። ባትሪዬን ሳበራ ነገሩ ወለል አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ፋን እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን እዚያው አቲክ ውስጥ ሲተፋ ኖሯል፤ ለዓመታት ሳይሆን አይቀርም። ዊንተር ሙሉ ሳንቃው ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ሺንግሉ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። አለቃዬ ያለው እውነት ነው። ያንን ብናገር የሚከራከረኝ አልነበረም።

ስወርድ ሕይወት እጇን አጣምራ ከታች ቆማለች። «ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። ኢስቲሜቱን ሲሠሩ አቲክ ገብተው ነበር?»

እናትየዋ «አንቺ! እንዲህ ተብሎ ትልቅ ሰው ይጠየቃል?» ብለው ተቆጧት። እኔን ሊያድኑኝ ነው። በሩን ከፍተውልኛል፤ ዝም ብል አለቀ።

«አልገባሁም» አልኩ። «ብገባ ኖሮ አየው ነበር። ምስማሩ ጥቁር ነው። ለአስተማሪዬም ያበራል ብዬ ዋሽቻለሁ።» ከዚያ ስለ ምስማሩ ቀለም፣ ስለ ማኑኤል፣ በሩ ተዘግቶ ስለነበረው መኝታ ቤት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

እትዬ አስካለ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግባ ማለት ነበረብኝ» አሉ። እኔ «ኧረ የኔ ነው» አልኩ። ሕይወት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። «ኦ ማይ ጋድ! እሳቸው መግባት ያፍራሉ፣ አንቺ መጥራት ታፍሪያለሽ። ውሃው ግን አላፈረም፣ ማሚ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ለማኑኤል በማግስቱ ነገርኩት። እርሳስ እየቀረጸ ነበር። ቀርጾ ጨረሰ። ሌላ እርሳስ አነሣ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከታመመ ጉልበቱ ጋር ደጃቸው መሰላሉን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። አቲክ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ባትሪውን እያዞረ «ቡናማ። ቡናማ። ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር» ይል ነበር፣ እኔ እንድሰማ። ቅስሜን የሰበረው እሱ ነው። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ሁለታችን ሦስት ቅዳሜ ሠራን። ከመኝታ ቤቱ በላይ ያለውን አዲሱን ሺንግል ገልጠን የበሰበሰውን ሳንቃ ሁሉ አወጣን፣ ፋኑን በቱቦ ወደ ውጭ አወጣነው፣ ኮርኒሱን ሰቀልን። ዕቃው ከደሞዜ ተቆረጠ፣ እሱ ቀላሉ ነው። ቤቱ ቆመ፤ እትዬ አስካለም ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ማኑኤል መጨረሻው ቀን ከመሰላል ወርዶ እጁን ታጥቦ ነው ጎመናቸውን የቀመሰው፣ ሁለት ጊዜም አስጨመረ።

ግን ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ወረቀቴን ይቀበላል፣ ያያል፣ ይፈርማል። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ብትመልስም አላምንህም ማለቱ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጠይቀው እያልኩ ጡረታ ወጣ፤ ልጠይቀው እያልኩ ሞተ። እኔ ግን ሳልጠየቅም በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀለሙን እጽፍ ነበር። ቢሮው ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ወር እትዬ አስካለ ደወሉ። ሰማንያ ካለፋቸው ቆይቷል፤ ድምፃቸው ግን አላረጀም።

«ተፈራ፣ ይሄ ጣሪያ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ይቀየር አሉ። አንድ ድርጅት ዋጋ ላከልኝ። ቤቴን ያየ ሰው ግን የለም። እንዴት ነው ነገሩ?»

«ሳተላይት ነው እትዬ። ከሰማይ አይቶ ነው።»

«ሳተላይቱ ክሎዜቴ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም።»

«በል እንግዲያው አንተ ና።»

የድርጅት መኪና ስለሌለኝ ባትሪዬንና ውሃ ልኬን በላስቲክ ይዤ በአውቶቡስና በባቡር ሄድኩ። ጠረጴዛው እንደ ያኔው ሞልቷል፣ ግን ሁሉም ሳህን በሳህን ተከድኗል። ከዘራቸውን ተደግፈው በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት መሩኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክሎዜቱ ባዶ ነው። የጋሽ ደምሴ ልብስ ይሄን ሁሉ ዓመት አልተሰጠም፤ ታጥፎ አልጋው ላይ ተደርድሯል፣ ግራጫው ኮት ከላይ። መሰላሉ ከክዳኑ ሥር ቆሟል።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉና በአንድ እጃቸው መሰላሉን ጨበጡ። ብወድቅ እሳቸውንም ይዤ ነው የምወድቀው። ግን አላስለቀቅኳቸውም።

ጉልበቴ እየተንቋቋ ወጣሁ። በደረቴ ተሳብኩ። እያንዳንዱን ረድፍ በባትሪ አየሁ፤ ከእኔና ከማኑኤል መዶሻ የወጡት ምስማሮች አሁንም ያበራሉ። የፋኑ ቱቦ ከጣሪያው የሚወጣበት ጥግ ላይ ብቻ የቡናማ ፍንጣቂ አለ። ትንሽ ነው። እዚያ ባልደርስ አላየውም ነበር። የዛጉትን ምስማሮች ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ስወርድ አቧራዬን ሳያራግፉልኝ፣ መሰላሉን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምስማሩ ምን ቀለም ነው?»

ለሃያ ዓመት ያህል ማንም ያልጠየቀኝን። ሁሉም ያበራል ብላቸው ደስ ብሏቸው ይውሉ ነበር፣ እኔም ወደ ምግቡ እሄድ ነበር።

«ያበራል» አልኩ። «አሥራ አንዱ ግን ዝጓል። ጥጉ ላይ፣ ቱቦው ጋ። ሳንቃው ሳይበሰብስ አሁን መቀየር አለበት፤ የድርጅቱ ወረቀት ላይ አስጽፋለሁ።»

«አሥራ አንድ?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

መሰላሉን ለቀቁ። «ታጠብና ና» አሉኝ፣ ከዘራቸውን አነሡና ሳህኖቹን ሊከፍቱ ወደ ሳሎን ሄዱ።